ቢራራ ያየው መኪና

ጥቅምት 26 ቀን 1961፣ ማክሰኞ

ደባርቅ። ብርድ። ጠዋት ላንድሮቨሩን አጠብኩ፣ ጎማ ነፋሁ፣ ግራዝማች ሀብተ ሚካኤልን ዳባት አድርሼ መለስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳላቸው አንድ ቀን እንኳ “ታገኘ” ብለው በስሜ አልጠሩኝም። “አንተ ሾፌር!” ነው። ይሁን።

አመሻሽ ላይ ግቢው ንጣፍ ድንጋይ ላይ ጥቁር ጠብታ... ከኋላው ዲፈረንሻል ነው፣ ጎማዎቹን ከሚያዞረው የጥርስ ቤት። ካርዳኖው፣ ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ፣ ከሚገባበት አፍ ላይ ዘይቱን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል። ግራዝማችም አዩት።

“ደጄ ላይ ምኑን ነው የሚተፋብኝ? ለሚካኤል ዳኛው እንግዳዬ ናቸው። እስከዚያ ካልደረቀ አንተም ከግቢዬ ትወጣለህ” አሉኝ።

አደባባይ ወጥቼ ልለምን ነው? ሌላ የምነዳው መኪና ደባርቅ ውስጥ የት አለ?

ጥቅምት 28

ጎሚኒው በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ከጎንደር መጣልኝ። መዳፍ የማይሞላ ጎማ። እሱን ለመቀየር ግን ካርዳኖው መውረድ አለበት፣ ከኋላው ያለው ትልቁ ዳዶ መፈታት አለበት። ዳዶውን ስታዞረው ዘንጉም አብሮህ ይዞራል። አንቆ የሚይዝ ብረት ያስፈልጋል። የለኝም።

ወንዙን ተሻግሬ ቢራራ ዘንድ ሄድኩ። ባለጅ ነው፣ ፈላሻ። የአካባቢው ማረሻ ሁሉ ከሱ እጅ ነው የሚወጣው፤ ጎጆው ግን የቆመው በግራዝማች መሬት ላይ ነው። ሚስቴ ስንቄ ድስት የምትገዛው ከሚስቱ ከሸጊቱ ነው። ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ ይውላሉ። ስንት ጊዜ ተይ አልኳት... ሰው ያያል፣ ያወራል።

“ልኩን ሳላይ አልቀጠቅጥም” አለኝ ቢራራ። ተከትሎኝ መጣ። መኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ ወደ ላይ አየ፣ በሲባጎ ለካ፣ አቧራውን አራግፎ ሄደ። ዋሴ፣ የግራዝማች ዘበኛ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነበር። አማተበ። አሳቀኝ።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ግራዝማች “ዛሬውኑ!” አሉ። ሄድኩ። ቢራራ ከበሩ ሳይወጣ፣ “ዛሬ ሰንበታችን ነው፣ እሳት አንነካም። ሰኞ ይደርስልሃል” አለኝ።

እሁድስ? እሁድማ የኛ ሰንበት ነው፣ መዶሻ ቢያሰማ ይደበደባል። ሰውዬው ሁለት ሰንበት ያከብራል፤ አንዱን ለአምላኩ፣ አንዱን ለዱላችን።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ቢራራ ብረቱን አመጣ። በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ራቅ አለ፣ እኔ ሄጄ አነሳሁት። እንደዚያ ነው ልማዳቸው። የኛ እጅ ከነካቸው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም። ከተማው “አትንኩኝ” እያለ ይሳለቅባቸዋል። እኛ እነሱን እንጸየፋለን፣ እነሱ ደግሞ እኛን... ማን ቀድሞ እንደጀመረው እንጃ።

ብረቱ ልክ ነው። ዘንጉን አነቀው፣ ዳዶው ተፈታ። አሮጌውን ጎሚኒ ፈልቅቄ አወጣሁ። አዲሱ በአንድ ፊቱ ቀጭን ከንፈር አለው። ከንፈሩ ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ? ጎንደር ጋራዥ ሳለሁ አይቼ ነበር... ጠፋብኝ። አሰብኩ። የዚህ አገር መኪና ጠላት ምንድን ነው? የሊማሊሞ አቧራ! ከንፈሩን ወደ ውጭ፣ ወደ አቧራው አዙሬ መታሁት። ጭንቅላት ማለት ይህ ነው።

ግራዝማች ጎንበስ ብለው አዩ። ጠብታ የለም። “እህ” አሉ። ከሳቸው አፍ ይህም ምርቃት ነው።

ኅዳር 7

ጎሚኒው ዙሪያ ትንሽ አርጥቧል። ማንም ሳያይ ጠረግኩት።

ኅዳር 12

ሚካኤል። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ዳኛውን ከዳባት አመጣኋቸው። ነገ ግራዝማችና ዳኛው ወደ ዛሪማ ይወርዳሉ። ዘይቱን ልየው ብዬ ነበር... ሁሉም ጠላ ቅዳ፣ ወንበር አምጣ ሲለኝ ዋለ። ነገ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ



ሊማሊሞን ስንወርድ ከኋላ ማላዘን ጀመረ። ከዚያ ጮኸ። አቆምኩ። ዲፈረንሻሉ ግሎ እጅ አያስነካም፣ ውስጡ ዘይት የሚባል የለም። ዳኛው ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ፣ “ግራዝማች፣ በቅሎዎ አትሻልም ነበር?” ብሎ አለፈ። ዳኛው ሳቁ። የግራዝማች ፊት ሲጠቁር አየሁ። ያኔ አለቀልኝ አልኩ።

በሌላ መኪና ተጎትተን ግቢ ገባን። ግራዝማች ከዘራቸውን ይዘው ቆሙ። “ማነው ይህን መኪና የነካው?”

ዋሴ ፈጠን ብሎ፣ “ጌታዬ፣ ያ ባለጅ ሥሩ ተጋድሞ በዓይኑ ሲበላው በዚህ ዓይኔ አይቻለሁ። ቡዳ ነው!” አለ።

ወደኔ ዞሩ። “እውነት ነው? አይቶታል?”

“አይቶታል፣ ጌታዬ” አልኩ።

ውሸት ነው? አይደለም። አይቶታል። የተጠየቅኩትን መለስኩ፣ ሌላ ምን ጠየቁኝ?

“የጎጆውን ጣራ አንሱለትና ብርዱ ራሱ ያስወጣው” አሉ ግራዝማች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋሴና ሰዎቹ ሣሩን ገፈው ጨረሱ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ፈታሁት። በዚያው በቢራራ ብረት።

ጎሚኒው አልተቀደደም፣ አላረጀም። የተገለበጠ ነው። ከንፈሩ ወደ ዘይቱ ነበር መዞር ያለበት። እኔ ነኝ የገለበጥኩት፣ በዚህ በጭንቅላቴ።

ለስንቄ ነገርኳት። ምን ነካኝ?

“ተነሥና ለግራዝማች ንገራቸው” አለች።

“ከዚያስ? የት እንገባለን?”

“እነሱስ የት ገቡ?”

ከደጃችን ይታያሉ። ሰንበት ስለሆነ መንገድ አይሄዱም፣ እሳት አያነዱም። ግድግዳው መሃል ጣራ ሳይኖር ተቀምጠዋል። ሸጊቱ ልጇን በቁርበት ጠቅልላ ታቅፋለች። የልጁ ሳል ወንዙን ተሻግሮ ይሰማል። ስንቄ ጋቢ ይዛ ወረደች፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጣላቸው ተመለሰች። ጋቢው የኔ ነው።

“ነገ እነግራቸዋለሁ” አልኳት።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ግራዝማች ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አገኘኋቸው። “እ? ምን ትላለህ?” አሉኝ። “ዘይት ያስፈልገኛል” አልኩ። ብቻ።

እነቢራራ ሄዱ። ወናፉን አህያ ላይ ጭነው። ሸጊቱ ገና ያልተተኮሱ ድስቶቿን ተደርድረው እንዳሉ ትታቸው ወጣች። እርጥብ ሸክላ እንዴት ይጫናል? ዋሴ ተከትሎ በእግሩ ረገጣቸው፣ አንድ በአንድ፣ አንዱንም አልዘለለም።

ቢራራ በኛ በኩል ሲያልፍ ቆመ። ጋቢዬን አጣጥፎ ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። ቀና ብሎ አየኝ።

“ሾፌር፣ ብረቱ ሠራልህ?”

“ሠራ።”

“እሰይ” አለ። የምሩን ነው። ምንም አያውቅም... ወደ ሊማሊሞ ቁልቁል ወረዱ፤ ልጁ እያሳለ።

ስንቄ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ኅዳር 17

ጎሚኒውን አዙሬ መታሁት። ከንፈሩ ወደ ውስጥ። ዘይት ሞላሁ። ዳባት ደርሼ ተመለስኩ። ደረቅ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ዛሬ ግራዝማች ሰው ሰብስበው መኪናው ሥር ገቡ። እሳቸው! በነጠላቸው ጫፍ ዲፈረንሻሉን ጠርገው ወጡና ነጠላውን ለሁሉም አሳዩ። ነጭ።

“አያችሁ? ያ ዓይን ሲሄድ ደረቀ! አላልኳችሁም?” አሉ። ሕዝቡ አማተበ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ “ታገኘ፣ ጎበዝ” አሉኝ። በስሜ። ደስ አለኝ... አዎ፣ ደስ አለኝ። ምን ልዋሽ?

አሁን እውነቱን ብናገርስ ማን ይሰማኛል? መኪናው ራሱ መስክሮበታል። በደንብ በጠገንኩት መጠን ቢራራ ቡዳ ሆኖ ይቀራል። ከበሩ ላይ አንድ ገበሬ የደነዘ ማረሻ ይዞ ቆሞ ነበር። ቢራራ ወዴት እንደወረደ ጠየቀኝ። ቡዳ ነው እያለ፣ ማረሻውን ግን ሊያስስል ይፈልገዋል።

ቤት ገባሁ። ግራዝማች በስሜ እንደጠሩኝ ለስንቄ ነገርኳት። ሽሮውን አቀረበች፤ ውኃ እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀምጣ ራቅ አለች። ትናንትም፣ ከትናንት በስቲያም እንደዚሁ አድርጋለች፤ ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ።

“ምን ሆነሻል?” ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

ቀስ ብላ አስለቀቀችኝ። ማሰሮውን አንሥታ ደጅ ወጣች፣ የያዝኳትን ክንድ እስከ ክርኗ ታጠበች፣ ከዚያ ገባች።