ቃል የገባሽው አንበሳ

እማዬ፣

ከሄድሽ ስምንት ወር ሆነ። እንዲህ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ከሞትሽ ስምንት ወር ሆነ። ለምን እንደሰረዝኩት እነግርሻለሁ።

ደኅና ነን ብዬ አላታልልሽም፤ ተናድጃለሁ። በአባባ፣ በጎረቤታችን በእትዬ ዘነበች፣ በትንሹ ወንድሜ በሚኪ፣ አትቀየሚኝና ባንቺም ተናድጃለሁ። ፊትሽ ቆሜ ቢሆን አንዱንም አልናገረውም። ታውቂኛለሽ፣ ሰው ሲያየኝ አፌ ይተሳሰራል። ወረቀት ግን ዓይን የለውም።

ቤቱ እንዳለ ነው። ሰፈራችን ሳጃናም ያው ሳጃና ነው። ማራገቢያው አሁንም እየተንቋቋ ይዞራል። አልጋሽን አባባ ወደ ግድግዳው አስጠግቶት እኔና ሚኪ እንተኛበታለን። ትምህርቴን አቁሜያለሁ። ሰባተኛን ልጀምር ስል ሚኪን የሚይዝ ጠፋ፤ ማንም አቁሚ አላለኝም፣ ማንም ሂጂም አላለኝም። አል-ጣኢፍ ሰፈር ስትሠሪበት የነበረው ቤት እመቤት ዕቃሽን በፌስታል ላከችልን፤ አንድ ሻርፕ፣ አንድ ማበጠሪያና ያ ማሰሪያው በክር የተሰፋው ሰንደል ጫማሽ። ጫማውን አልጋው ሥር አስቀመጥኩት።

አንቺ የሞትሽ ቀን ሚኪ እትዬ ዘነበች ቤት ካርቱን እያየ ነበር። ትልልቆቹ ተመካክረው ለሕፃን መርዶ አይነገርም አሉ። ሀገር ቤት ሄደች በሉት፤ ነፍስ ሲያውቅ በወጉ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይረዳል አሉ። እኔም እሺ አልኩ። መቼ እሺ ሳልል ቀርቼ አውቃለሁ? እነሱ ለቅሶውን ጨርሰው ወደየቤታቸው ሄዱ፤ ውሸቱ ከኔ ጋር ቀረ። ሚኪ ለምን ሁልጊዜ ጥቁር እንደምለብስ ሲጠይቀኝ ሌላው ልብሴ ታጥቦ ነው እለዋለሁ። በካርቱም ፀሐይ ስምንት ወር ያልደረቀ ልብስ ይኸው የኔ ብቻ ነው። ማልቀስ ስፈልግ ሽንት ቤት እገባለሁ፤ እሱ ደግሞ ያን ጊዜ ጠብቆ ሽንቴ መጣ እያለ በሩን ይደበድባል።

አንድ ቀን እትዬ ዘነበች ይባስ ብለው ስልካቸውን ሰጡኝና ከጓሮ ሆነሽ በእናትሽ ድምፅ ደውዪለት አሉኝ። እምቢ ማለት አቅቶኝ አባባ ስልክ ላይ ደወልኩ። ሚኪዬ፣ ምግብህን ብላ፣ እህትህን አታስቸግር አልኩት። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ እየሮጠ ጓሮ መጣና አየኝ።  ስልኩን ለአባባ መልሶ ካርቱኑን ማየት ቀጠለ። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ለኔ ሲያፍርልኝ አየሁ፣ እማዬ። ከዚያ በኋላ ማንም እንደዚያ አድርጊ አላለኝም፤ ስለ እሱም ማንም አላወራም።

አሁን ወደ አንበሳው ልምጣ። ነገሩን የጀመርሽው አንቺ ነሽ። ልጁ አልበላም ሲልሽ ሦስት ጉርሻ ከበላህ ሙቀቱ በረድ ሲል ወስጄ አሰዱን አሳይሃለሁ አልሽው። አንበሳ ብትዪው ስለማይገባው ነው አሰድ ያልሽው። አማርኛው አሁንም አልተሻሻለም፤ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ስለሚውል ሲቃዥ እንኳ በዓረብኛ ነው። ጉርሻውን በላልሽ፤ አንቺ ሙቀቱ ሳይበርድ ሞትሽ። ቃሉ ለኔ ተረፈኝ።

ዓርብ በመጣ ቁጥር አሰዱስ ይለኛል። አባባ ኢንሻላህ እያለ ሦስት ዓርብ ተኛበት። ጥበቃ አድሮ ስለሚመጣ አልፈርድበትም። ዋሸሁ፣ እፈርድበታለሁ። በአራተኛው ዓርብ ሚኪ ጫማውን አድርጎ በሩ ላይ ተቀመጠና ቁርስ አልበላም አለ። ሻርፕሽን ለብሼ ይዤው ወጣሁ። ብቻዬን እንደዚያ ርቄ ሄጄ አላውቅም። የመኖሪያ ፈቃዴን ሦስት ቦታ አጥፌ ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሚኪ መስኮት ጋ ካልሆንኩ አለ፤ መስኮት ጋ ሲሆን ፀሐዩ አቃጠለኝ አለ፤ ጭኔ ላይ ሲቀመጥ ጉልበትሽ ይወጋል አለኝ። ስንወርድ ልብሴ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር።

የአራዊት ማቆያው በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰውዬ የልጁ እናት ብሎ ጠራኝ። እህቱ ነኝ ለማለት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አፈርኩ። ትንሽም ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ፤ ቦታሽን የሰረቅኩ መሰለኝ።

ውስጥ ገብተን ሚኪ ምንም አላይ አለ። አዞውን አሳየሁት፤ የማይንቀሳቀስ ስለሆነ ፕላስቲክ ነው ብሎ አለፈው። ጦጣዎቹን አሳየሁት፤ ጀርባውን ሰጣቸው። ግመል አለ፤ ግመል ለማየት ቲኬት መቁረጥ ለምን እንዳስፈለገ እስካሁን አልገባኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ አየ፤ ያየውም ከጅቡ አጥር ሥር የተኛች ድመት ነበር። በራችን ላይ አሥር ድመት አለ።

ጅቡ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል። የሚዞረው ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ እግሩ ሲሚንቶው ላይ መንገድ አውጥቷል። ልጆች ፈንዲሻ ይወረውሩበታል፤ አባቶቻቸው ይስቃሉ። አሳዘነኝ። ልጅ ለማስደሰት መጥቼ እኔ በጅብ ልከፋ ነው እንዴ ብዬ ወዲያው ተበሳጨሁ። እኔም ከምድጃ ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ምድጃ ስመላለስ ነው የምውለው፤ ፈንዲሻ የሚወረውርልኝ እንኳ የለም። ቢሆንም ልጆቹን ተዉት ማለት ፈልጌ ነበር። አላልኩም።

ሚኪ ለምን እንስሳቱን እንደማያይ የገባኝ ያኔ ነው። ሴቶቹን ነበር የሚያየው። ሻርፕ የለበሰች ሐበሻ ባለፈች ቁጥር ይዞራል። አሰዱን የማሳይህ እኔ ነኝ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱም አሰዱ ጋ ትጠብቀኛለች ብሎ ነበር የመጣው። ቁርስ ያልበላው፣ ጫማ አድርጎ በር ላይ የተቀመጠው ለአንበሳ አልነበረም። ያን ጊዜ ባገኝሽ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ጥሩ ነገር አልልሽም ነበር።

አንበሳው ጋ ደረስን። አጥሩ ላይ የአንበሳ ሥዕል አለ፤ ውስጡ ግን ደረቅ የውኃ ገንዳና ቅጠል ብቻ። አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ይጠርጋሉ። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እንደ ልማዴ አፈርኩ። ሚኪ ራሱ በዓረብኛ አሰዱ የት ነው አላቸው። ሽማግሌው መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ ሰዓት እንደሚነግሩት ያህል ረጋ ብለው፣ «ማት ያ ወለዲ፣ ማት» አሉት፤ ሞተ ልጄ፣ ሞተ።

ሰምቻለሁ። ግን ስምንት ወር የለመደ አፍ ከጆሮ ይቀድማል። ጎንበስ አልኩና በአማርኛ አሰዱ ሀገር ቤት ሄዷል አልኩት። በዓረብኛ ሞት ምን እንደሆነ ከኔ ይልቅ እሱ እንደሚያውቅ እንዴት ረሳሁ?

ሚኪ ሽማግሌውን አየ። እኔን አየ። ከዚያ፣ «እንደ እማ?» አለኝ።

መጀመሪያ ሽማግሌውን ረገምኩ፤ ቀጥሎ ትልልቆቹን፣ ቀጥሎ አንቺን። ከዚያ የምረግመው አለቀብኝ። ማለዳ አልነበረም፣ ሽማግሌም አልተቀመጠም፤ የቀትር ፀሐይ ነበር፣ አጠገባችን አንድ ቤተሰብ ሽንኮራ አገዳ ይግጣል። የአጥሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሚኪን ጉልበቶቼ መሃል አቆምኩት።

«አዎ» አልኩት። «እማ ሞታለች።»

አላለቀሰም። ቅንድቡን ሰብስቦ አሰበ፤ አንቺን መስሎ። ከዚያ፣ «ጫማዋን ሳታደርግ እንዴት ሄደች ብዬ ነበር» አለኝ።

ስምንት ወር ሙሉ ያን ጫማ አልጋው ሥር እያየ ሲጨነቅ ኖሯል፣ እማዬ። እኛ ሁላችን ስንሾካሾክ፣ ስንደበቅ፣ ስልክ ስንደዋወል፣ እሱ ሀገር ቤት በባዶ እግሯ ደረሰች ወይስ እግሯ ቆሰለ እያለ።

ያለቀሰው አውቶቡስ ላይ ነው። እንደዚያ ጮኾ አልቅሶ አያውቅም። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሐፍረት ከአውቶቡሱ እወርድ ነበር። አንዲት ቶብ የተከናነቡ ሱዳናዊት ሴትዮ ምን ሆኖ ነው አሉኝ፤ እናታችን ሞታ ነው አልኳቸው። ዛሬ ነው? አሉኝ። አዎ፣ ለእሱ ዛሬ ነው አልኳቸው። የቶባቸውን ጫፍ አውጥተው አፍንጫውን ጠረጉለት።

ቤት ስንደርስ እትዬ ዘነበች አባባን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ሚኪ ገና በሩ ላይ እንዳለ ነገራቸው። መርዶ በአደባባይ፣ በቀትር፣ ያውም አውሬ ፊት ብለው ራሳቸውን ያዙ፤ ማን አባቷ ነው መርዶ ነጋሪ ያደረጋት አሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ። አባባ ግን ሚኪን አቅፎ አለቀሰ። በስምንት ወር ውስጥ ፊታችን ሲያለቅስ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚኪ በእጅጌው እየጠረገለት ቆየና ራበኝ አለ። ሰጠሁት። ማንም ሳይለምነው በላ።

ሁሉ ተስተካከለ እንዳይመስልሽ። አሁን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ይናገራል። ዳቦ ቤት ተሰልፈን እናቴም አሰዱም ሞቱ ብሎ በዓረብኛ ያውጃል፤ ሰልፈኛው ሁሉ ነፍስ ይማር ሲለኝ መሬቱ ቢውጠኝ እመርጣለሁ። በቀን አሥር ጊዜ የት ነው የተቀበረችው ይለኛል። ዓርብ ልወስደው ነው። ልጁ ቁርሱን ከበላ ነው ያልኩት፤ እኔም እንዳንቺ ሆንኩ ማለት ነው። ግን እወስደዋለሁ።

ሚኪ ይረሳሻል፣ እማዬ። ልጅ ነውና አትዘኚበት። ድምፅሽን ካሁኑ ተጠራጥሮታል፤ ለዚያም እኔ አለሁበት። እኔ ግን አስታውስለታለሁ፤ ደግ ደጉን ብቻ አይደለም። አንበሳ አሳይሃለሁ ብለሽ ሳታሳዪው እንደቀረሽም፣ ጉርሻሽ ትልቅ እንደነበርም፣ ስትቆጪ በትግርኛ እንደነበርም እነግረዋለሁ። የምነግረው የሆነውን ብቻ ነው።

ትናንት እትዬ ዘነበች ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር ስለሌለ የሟች ጫማ ቤት አይቀመጥም፣ ለአንዲት ችግረኛ ልስጥላት ብለው መጡ። ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር ሲያወጡት ሚኪ አየኝ።

አይሆንም አልኳቸው። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ እማዬ። ጎረቤት ሰምቷል። ጫማሽ ቦታው ላይ ነው።

ልጅሽ