ቦቂት ካፖርቱን ስታይ

ጥቅምት 8፣ ሰኞ። ጧት

ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዛሬ አቤቱታ አለኝ። ሻዬ ቀጥኗል። ወተቱ ሻዩን በሩቅ ተሳልሞት አልፏል። ያፈላው ስሜነህ ነው፣ የእህቴ ልጅ የየሺ ባል። የሺ አራስ ናት። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ፣ ይኸ ወተት ጾመኛ ነው እንዴ አልኳት። አልሳቀችም። የሺ በቀልዴ ካልሳቀች ነገር አለ።

ነገሩ ቦቂት ናት። ግንባሯ ላይ ነጭ ያላት ላማችን። የሺ ስትዳር እናቷ የሰጠቻት። በጥቅምት፣ ሣሩ ጉልበት በደረሰበት ወር፣ ወተት ነሳች። ፋጉሎ ይቀርባል፣ አተላ ይጨመራል፣ የለም። ከመስቀል ማግስት፣ የሺ ከወለደች ጀምሮ የሚያልባት ስሜነህ ነው። ማለቢያውን ሞልታ ታስተርፍ የነበረች ላም አሁን ታቹን ብቻ ታረጥባለች። ለአራስ አጥሚት እንኳ አይበቃ።

ስሜነህ ቆርጧል። ቦቂት ቅዳሜ ለሽያጭ ቡሬ ገበያ ትወጣለች። የሺ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ምክንያቱ ተገኘ ተባለ። ዓይን። የጎረቤታችን የወ/ሮ ጥሩ ዓይን። በአጥር በኩል አይተው «ምን ያለች ላም!» ብለው ነበር አሉ። ጋጣው ይሸፈን አለ ስሜነህ። መጋረጃውን የሠራሁት እኔ። ከጆንያ። ጆንያ ወዳጄ ነው፤ ፊደል የለየሁት የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሰው እየጠየቅሁ ነው።

ስቸነክር፣ የወ/ሮ ጥሩ ዓይን ይህን ያህል የሚያደርቅ ከሆነ ጥርሴን ቢያዩልኝ ሕመሙ ይደርቅ ነበር አልኩት። ሳቀ። ደግ ልጅ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሰፈሩ ሴት ልጅ ያለውን ሲመርቅ፣ እንደ ስሜነህ ያለ አማች ይስጥህ ይላል።

ጥቅምት 11፣ ሐሙስ። ጧት

ቀልድ አስቤ ነበር። ቀልድ ብቻ። የስሜነህ አረንጓዴ ካፖርት በረንዳ ላይ ተሰቅሏል። ለበስኩት። ቦቲውንም አጠለቅሁ። ቀድሜው ጋጣ ልግባ፣ ሲመጣ ራሱን ተቀምጦ ያግኘው፣ ይደንግጥ ብዬ። እየሳቅሁ መጋረጃውን ገለጥኩ።

የደነገጠው ሌላ ነው።

ቦቂት ወደ ግድግዳው ሸሸች። ገመዱ ተወጠረ። የዓይኗ ነጩ ወጣ። ቆዳዋ ይንዘፈዘፋል። ሽንቷ አመለጣት። ከእኔ! በየቀኑ ከመዳፌ ጨው ከምትልሰው! ቦቂቴ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ድምፄን ታውቃለች። ዓይኗ ግን ከካፖርቱ እጅጌ አልተነቀለም።

አውልቄ ወደ ውጭ ወረወርኩት። ጠበቅሁ። ቀስ ብላ መጣች። ጨዉን ላሰች። አንገቷን አከክሁላት፤ የሺ እንደምታደርገው አንጎራጎርኩ። ጥጃዋን ለቅቄ ጥቂት አጠባሁና ያዝኩት። ማለብ ጀመርኩ። ወረደ። ወተቱ ወረደ! አረፋው ከማለቢያው አልፎ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ ጭራዋን አነሳሁ። ተጣሟል። አብጧል። ከሥሩ፣ ጠጉር የሚሸፍነው ቦታ፣ ሰንበር በሰንበር ላይ።

ከሰው ዓይን ብለን ጋጣውን ሸፈንን። ለማን እንደሸፈንኩለት አሁን ገባኝ።

ሐሙስ፣ ከሰዓት

ስሜነህን ጓሮ አገኘሁት፣ ሣር ሲያጭድ። በቀልድ ልጀምር አልኩ፤ ሌላ መጀመሪያ አላውቅም።

«ስሜ፣ ከቦቂት ጋር ተጣላችሁ እንዴ?»

«አጎቴ ደግሞ! ከከብት ጋር ማን ይጣላል?»

ጭራዋን እንዳየሁ ነገርኩት። ማጭዱ ቆመ። ዝንብ ነው አለ። ከዚያ አጥር ነው አለ። ከዚያ፦ ትራገጣለች፣ ወተት ትደፋለች፣ ሕፃኑ ሌሊት አያስተኛም፣ ጧት ሥራ ይጠብቀኛል፣ አንድ ሁለቴ ገሥጫት ይሆናል። ሁሉንም በዚያ ለስላሳ ድምፁ። እኔ ልለባት፣ አትሸጥ አልኩ። ለነጋዴ ቃል ገብቻለሁ አለ። ገባኝ። ከሄደች ጭራዋም አብሯት ይሄዳል።

ልወጣ ስል ተከተለኝ።

«ብቻ ለየሺ እንዳይነግሯት፣ አደራ። አራስ ስትደነግጥ ወተቷ ይሸሻል።»

ማስታወሻዬ፣ ሰማህ? ያውቃል። ሰውየው ያውቃል! ለሴቲቱ ሲሆን ያውቃል።

ጥቅምት 12፣ ዓርብ

ጧት ራሴ አለብኩ። ማለቢያው ከግማሽ ሲያልፍ ከመጋረጃው ውጭ የቦቲ ኮቴ ተሰማ። ጆሮዋ ቆመ። ወተቱም ቆመ። እጄ ላይ ቀጥ አለ። መጋረጃው እንኳ አልተገለጠም።

ያለውን ለየሺ አስገባሁ። ከየት መጣ አለች። ወ/ሮ ጥሩ ዓይናቸውን ጨፈኑላት አልኩ። አልሳቀችም። ማን አለባት አለች። እኔ አልኩ። ትክ ብላ አየችኝ። ወተቱን ሳትቀምሰው አስቀመጠችው።

ጥቅምት 13፣ ቅዳሜ። ሊነጋጋ ሲል

እንቅልፍ የለም። ቆርጫለሁ። የግቢው በር ላይ ወንበር አኖራለሁ፤ ቦቂት ከወጣች በእኔ ላይ ተራምዳ ነው። ያንን ጆንያ እቀደዋለሁ። ወ/ሮ ጥሩን ጠርቼ፣ ይግቡ፣ ደግመው ይመልከቱልን እላለሁ። ማለቡ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ነው።

የሺን ግን ምን ልበላት? ብነግራት ትደነግጣለች። ዝም ብል ከስሜነህ ጋር አንድ መጋረጃ ያዝኩ ማለት ነው። ቁርስ ላይ እነግራታለሁ። ወይም ሕፃኑ ሲተኛ። ወይም

በር ተንኳኳ። ስሜነህ ነው፣ ገመድ ፈልጎ።

ከፈትኩ። አይደለም። የሺ! ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ ደጃፍ የማትረግጠው አራስ፣ በዚህ ብርድ። ልጇን በጋቢ ጠቅልላ በአንድ ክንዷ ይዛለች። በሌላው እጇ ማለቢያው። እስከ አፉ ሞልቷል። አረፋው በጣቶቿ መካከል ይወርዳል።

እስክትቀመጥ ነው የምጽፈው። አትቀመጥም።

«አጎቴ» አለች፣ «የጭራዋን ነገር እርስዎም ያውቁ ነበር?»

ብዕሩን ላስቀምጥ።