ሳሙናው የተጠቀለለበት ወረቀት

ሰላም ነህ ወይ የማታ ትምህርት የወንበር ጓደኛዬ! ይህን ካርድ ለልጅህ ሳትሰጥ ራስህ አንብበው፤ እኔም ራሴ ነኝ የጻፍኩት። እዚህ ልጄ ቤት ከመጣሁ ወዲህ ከአውቶቡሱ ታፔላ እስከ ክብሪቱ ቀፎ ያላነበብኩት የለም።

ልጄ በኦፕራሲዮን ሴት ልጅ ወልዳ ቤት ገብታለች። ሆስፒታሉ የሰጣትን ወረቀት ሳሙና ጠቅልለውበት አገኘሁትና ጉራዬን ልነዛ ተነሳሁ። አማቷ ቁስሏን ሊቀቡላት ቅባት ከፍተው እንደያዙ፣ «ኧረ የት ተማሩትና!» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ቁስሉን ሳይነኩ እጅዎን ይታጠቡ። ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ምንም ሳይቀቡ በዚያው ቀን ይመለሱ» ብዬ አነበብኩ።

ልጄም፣ «አባዬ፣ እስቲ መጨረሻዋን ድገማት» አለችኝ። ለካ ከትናንት ጀምሮ ቁስሉ እየሞቃት፣ እንዳንጨነቅ ብላ ደብቃናለች! እኛ ሰፈር ቢሆን ጠያቂው ሁሉ አልጋዋ ላይ ተቀምጦ ሲመክር ይመሽ ነበር። እኔ ግን ወዲያው ታክሲ ጠርቼ ወሰድኳት። ነርሷ ቁስሉን አጽድታ መድኃኒት ሰጠቻትና፣ «ሳይብስ ደረሳችሁ። ወረቀቱን የሚያነብ ሰውም አለ ለካ!» አለች። ደረቴን ስነፋ የሸሚዜ ቁልፍ ሊበጠስ ነበር።

ዛሬ ቁስሉ ደርቋል፤ የልጅ ልጄንም እጄን ታጥቤ አቅፌያታለሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ሳሙናው ራቁቱን ቀረ።

ቦታ አለቀብኝ። ለመምህርታችን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ መስመር ሳልዘል ማንበቤን ንገርልኝ። ቤተሰቡን ሁሉ ሳምልኝ። ያንተም ልጅ መውለጃዋ ደርሷልና፣ አደራህን፣ ከማታው ትምህርት እንዳትቀር።