ከተከታዮቻችሁ አንዷ እኔ ነበርኩ

ለተከበሩ የተማሪዎች ጉዳይ ምክትል ዲን፣
ዮግያካርታ

የአላህ ሰላም በእርስዎና በመላ ቤተሰብዎ ላይ ይሁን፤ ጤናዎንም እንደ ስልክ ባትሪ ከመድከም ይጠብቅልን።

ቅሬታዬን ከማቅረቤ በፊት ለወራት የደበቅኩትን ጥፋት ልግለጽ። በፋኩልቲው ገጽ ላይ የሚጽፉትን ሁሉ በቀይ ልብ የምታደንቀው፣ ሪኒ የተባለችው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እኔ ነኝ፤ ማለትም ፓርጂማን፣ በዎኖሶቦ ከተማ መንገድ ዳር የሞተር ሳይክል ጎማ የምለጥፍ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ ጺማም ሰው። የሪኒን ገጽ የከፈትኩት ዘንድሮ እናንተ ዘንድ የገባችውን ልጄን ዌኒንግን ከሩቅ ለማየት ነበር።

አንደኛ፦ አዲስ ተማሪ ሁሉ ፎቶውን በፋኩልቲው ፍሬም ውስጥ አስገብቶ እንዲለጥፍ፣ ላይክ ያነሰውም በተማሪዎች ሰልፍ ፊት እንዲዘፍን ስላዘዙ እጅግ አመሰግናለሁ። በእርስዎ ቸርነት ደንበኞቼ የልጄን ፎቶ ላይክ ሳያደርጉ ጎማቸው አልተለጠፈም። የመስጊዳችን ኢማም እንኳ መነጽራቸውን ፈልገው፣ «እንዲያው ፓርጂማን፣ ይቺን ልብ ብነካ ወንጀል የለብኝም?» እያሉ ነክተዋል።

ሁለተኛ፦ በዚያው የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ሳምንት ማኅበራዊ ሚዲያ አእምሮን እንዴት እንደሚያደክም አስተምረው ሲያበቁ፣ ከአዳራሹ ፎቶ ያልለጠፈውን ሁሉ ቀሪ ማድረግዎን ሳደንቅ እኖራለሁ።

ሦስተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ልጄ በየፎቶው ከጓደኞቿ ጋር ትስቃለች፤ ስደውልላትም «ደህና ነኝ አባዬ፣ እዚህማ ብቻዬን የምሆንበት ጊዜ ራሱ የለም» ትለኛለች። እውነተኛ ተማሪ ለመሰለቻት ለሪኒ ግን እንዲህ ጻፈችላት፦ «እህትዬ፣ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየኝ የለም። ምሳዬን ከሕንጻው ጀርባ ደረጃው ላይ ብቻዬን ነው የምበላው። ለአባዬ አልነግረውም፣ የእማዬ ሐዘን ይበቃዋል።»

ሪኒ «አይዞሽ» አለቻት። አባቷ ግን ምንም እንዳላወቀ ሆነ። እርስዎን ስወቅስ ሰንብቼ፣ አንድ ቀን ሱጁድ ላይ ተደፍቼ ሳለሁ፣ ልጄ እውነቷን የምትነግረው ለሌለ ሰው መሆኑ፣ ያንን የሌለ ሰው የፈጠርኩትም እኔው መሆኔ ገባኝ።

ያለ ላይክ የሚያከብርዎ፣
ፓርጂማን

ማስታወሻ፦ የተከታዮቻችሁ ቁጥር በአንድ ቢጎድል አይደንግጡ። ትናንት በአውቶቡስ መጥቼ፣ በሙዝ ቅጠል የቋጠርኩትን ሩዝ እዚያው ደረጃ ላይ ከልጄ ጋር ስበላ፣ ሪኒ እኔ መሆኔን ነገርኳት። ከዚያ፣ «ታዲያ ያንን ሁሉ ልብ ለምክትል ዲኑ ስትልክ የነበርከው አንተ ነህ?» አለችኝ። አዎ አልኳትና የሪኒን ገጽ እፊቷ አጠፋሁት።