አራት ዓመት ይበቃል

ሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አራተኛ ክፍል። ክፍልፋይ። ከረሃቡ ወዲህ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው፤ የመጡትም አንገታቸው ቀጥኗል። ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተራችን ከደሴ ስብሰባ ተመልሶ ሰበሰበን። የባሕር ማዶ ባለሙያዎችና አንድ አበዳሪ ባንክ ትምህርታችንን አጥንተዋል አለ። የገጠር ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው ይመለስ፤ ከዚያ በላይ ወጪው እንጂ ትርፉ አይታይም ይላሉ። ትርፉ! ማስታወሻዬ፣ ልጅ እንደ ሰሊጥ ተመዘነ። የእሱ ልጆች በስንት ዓመት እንደሚያበቁ ጠየቅሁት። ሁለቱም አዲስ አበባ፣ ፈረንጅ በሚያስተምርበት የክፍያ ት/ቤት ናቸው። መነጽሩን ጠረገ። ስብሰባው ተበተነ።

ዓርብ፣ ጥር 24

የለምለም አባት መጡ፤ አቶ ኪሮስ፣ ከፃግብጂ። ለምለም የክፍሌ አንደኛ ናት። እዚሁ ሰቆጣ አክስቷ ዘንድ ሆና ትማራለች። ስትመጣ ኽምጣንኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ ሌሎቹን የምታስረዳው እሷ ናት።

ሊወስዷት ነው። ጾሙ ሳይገባ ሊድሯት። የጠያቂው ቤት እህል አለ፤ የእሳቸው ጎተራ ባዶ ነው። ለመንኳቸው። ልጅ ናት፣ ገና ናት አልኩ። ረጋ ብለው፣ "መምህርት፣ አራት ዓመት ይበቃል ያላችሁት እናንተው ናችሁ" አሉኝ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። በማን ልናደድ? በእሳቸው? የተራበ ሰው ናቸው። ይዘዋት ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ትናንት ፃግብጂ። በእግር። ተረከዜ ውሃ ቋጥሯል። እናትየው ጉልበታቸውን ታመው ተኝተዋል። አቶ ኪሮስ ራሳቸው አጫወቱኝ፦ በገና ሰሞን ከክሊኒክ ያመጡትን የመድኃኒት ጠርሙስ ለሚስታቸው ሊያጠጡ ሲሉ ለምለም ጽሑፉን አይታ የሚቀባ ነው፣ አይጠጣም ብላ ነጠቀቻቸው። ደስ አለኝ። ረታሁ ብዬ አሰብኩ። እሳቸው ግን፣ ያስተማርኳት ለዚሁ ነበር፣ አራቱ ዓመት በቃት አሉ። ያ የባንክ ሰው አጠገባቸው የተቀመጠ መሰለኝ።

ንዴቴ ገነፈለ። "ያነበበችው ለምለም ናት" አልኳቸው። "ጠርሙሱ ላይ የጻፈው የክሊኒኩ ድሬሰርስ በአራት ዓመት ነው የተማረው? ሁላችንም አንባቢ ብቻ ከሆንን ማን ይጻፍልን? ፈረንጅ?"

እናትየው ከተኙበት በኽምጣንኛ አንድ ነገር አሉ። ለምለም አልተረጎመችልኝም፤ አቀረቀረች። የተረጎሙልኝ አባትየው ናቸው።

"ትጻፍ ነው የምትለው።"

ሰርጉ ቀረ። ግን ዓምና ት/ቤቱ በረሃቡ ሲዘጋ ልጆች እንደተበተኑ ቀርተዋል። ዘንድሮም ከተዘጋ ልጄን እወስዳለሁ አሉ። አይዘጋም አልኩ። ቃል ገባሁ። ለምለም አብራኝ ተመለሰች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 12፣ 11 ሰዓት

ከኮረም የመጣ የጭነት መኪና ሹፌር ወሬ ይዞ መጣ። የአዲስ አበባ መምህራን ሥራ አቁመዋል። ያ ጥናት ካልተሰረዘ ክፍል አይገቡም። ደሴም ተነሥቷል አሉ። እኛም ሥራ እናቁም ወይ ብለን ተሰብስበን መከርን። ቀድሜ እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ለምለም ትዝ ያለችኝ እጄ አየር ላይ እንዳለ ነው። አላወረድኩትም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከሐዘን ይልቅ በንዴት። ሰቆጣን በካርታ እንኳ ፈልገው በማያገኙ ሰዎች ስሌት የተነሣ ቃሌን ላጥፍ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 13፣ ከጧቱ 2 ሰዓት

ት/ቤቱ ተዘግቷል። ለምለም ደብተሯን ይዛ ቤቴ መጣች። ለፋሲካ ይከፈት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አልዋሽም።

ፃግብጂ እሄዳለሁ። አቶ ኪሮስ ከሌላ ሰው ሳይሰሙ እኔው እነግራቸዋለሁ፦ አይዘጋም ያልኩት እኔ ነኝ፣ የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነም እነግራቸዋለሁ። ይቆጡኝ።

ለምለም ልሂድ አለችኝ። ያስቀሩሻል፣ አክስትሽ ጋ ቆዪ አልኳት።

"አንቺን አያምኑሽም" አለች። "እኔ ነኝ የምነግራቸው።"

ነጠላዋን አገልድማ በሩ ላይ ቆማለች። ፀሐዩ ሳይበረታ እንድንነሣ ትቸኩላለች። እሺ፣ ሁለታችንም እንሄዳለን።