የጀልባችን ምላስና የነእትዬ የሺ ሠርግ

ረቡዕ

ገብቷል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልገባም። ጀልባው ከነተሳቢው ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ምላሱ ግን ከበራችን አልፎ መንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ምላስ የሚሉት መኪና ኋላ ላይ የሚታሰረውን ረጅም ብረት ነው። መሐሉ ላይ ማጠፊያ አለው። ባሕር ዳር ስንገዛው ባሌ ምንይችል ፐርኖዋን፣ ያችን ማጠፊያውን ቀጥ አድርጋ የምትይዘውን ዘንግ፣ በአንድ እጁ መዝዞ ብረቱን እንደ መስኮት ወደ ጎን ሲያጥፈው በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ ግን ፒካፑ እየጠበቀው ነበርና "አንች እጠፊው፣ ቀላል ነው" ብሎኝ ሞተሩን ሊያመጣ ተመልሶ ሄደ። ባሌ እንዲህ ነው። ትልቁን ያመጣና ትንሹን ለእኔ ይተወዋል።

ቢሆንም ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን የት ላድርገው። ስንቱ ሰው ዘንገና ድረስ መጥቶ ሐይቁን ከዳር አይቶ ብቻ ሲመለስ ኖሯል። ከእንግዲህ እኛ እናዞረዋለን።

ከሰዓት ጎረቤቴ እትዬ የሺ ከነእህቶቻቸው ሊያዩት መጡ። የልጃቸው የብርቱካን ሠርግ እሑድ ነው፤ ቤታቸው እግር ማስቀመጫ የለውም። "ቆሰበር ላይ መርከብ ቆመ" ብለው ሲስቁ ቆዩና ሆዱን ወደ ውስጥ አዩት። ሰፊ ነው፣ ሸራም አለው። "አለሜ፣ ድንቹን እዚህ ብናሳድረው?" አሉኝ። ምን ቸገረኝ። የድንቹ ጆንያ፣ ሽንኩርቱ፣ የተዋሱት ትልልቅ ድስት ሁሉ ገባ። ለማውጣት እንዲመች ሁሉንም በር በሩን፣ ጀልባው አፍንጫ ላይ ደረደርነው። የሠርግ ጓዳ ሆነልኝ እኮ።

እነሱ ሲሄዱ ምላሱን ላጥፍ ብዬ ፐርኖዋን ሳብኩ። ንቅንቅ የለም። በሁለት እጄ ሳብኩ። እግሬን አስደግፌ ሳብኩ። ይደር።

ሐሙስ

አድሮም ያው ነው።

እትዬ የሺ መጥተው ብረቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃ ለኩት። የሙሽራው ወገን በፈረስ ነው የሚመጣው፤ በዚህችው በጠባቧ መንገድ፣ እየጋለበ። "አለሜ" አሉ በመጨረሻ፣ "ፈረስ ብረት አይዘልም አልልሽም፣ ይዘላል። ልጄን አፈናጦ ግን እንዲዘል አልፈልግም።"

ወደ ውስጥ እንዳልገፋው ከኋላ ማድ ቤቴ አለ። እንዳላወጣው ከላይ የሳቸው ዳስ ሊተከል ነው፤ ከታች ቁልቁለትና ቦይ። ጀልባው ቦይ ውስጥ ሲንሳፈፍ ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

በያጁ ጌትነት ሁለት ሠራተኞቹን ይዞ መጣ። ተሳቢው እንዳይነቃነቅ ብለው ሁለቱ ጀልባው ላይ ወጥተው ድንቹ ላይ ተቀመጡ፤ እሱ ከታች ይመታል።

የተሞከረው፦ ናፍታ። መዶሻ። እንደገና ናፍታ። ትልቁ መዶሻ። የእኔ ስለት።

አልሆነም። ጌትነት እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከመቁረጥ በቀር መላ የለውም አለ። ኋላ መልሼ እበይደዋለሁ አለኝ።

ዓርብ

ኔትወርክ አስቸግሮኝ ምንይችልን ያገኘሁት ከቀትር በኋላ ነው። መቁረጥ የሚለውን ሲሰማ ድምፁ ተለወጠ። በተበየደ ምላስ የዘንገናን ዳገት አልጎትትም፣ መሐል መንገድ ላይ ቢበጠስ ሰው ይጨርሳል አለ። እውነቱን ነው። ከተቆረጠ ጀልባችን ሐይቅ ሳያይ ግቢያችን ውስጥ ያረጃል ማለት ነው። "አንች እኮ ስታይ ነበር፣ በአንድ እጄ ነው ያጠፍኩት" ይለኛል። እጅህን ላክልኝ አልኩት።

ዳስ ተካዮቹ ባሕር ዛፉን ተሸክመው በምላሱ ላይ እየተሻገሩ ዋሉ። እርስ በርሳቸው በአገውኛ ይቀልዳሉ፤ ይሄ ጀልባ ውኃ ጠምቶት ነው ምላሱን ያወጣው ይላሉ። የማልሰማ መስሏቸው። አብሬ ሳቅሁና ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ።

ከዚያ ወሰንኩ። ይቆረጥ። ብርቱካን አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ ናት፤ በእኔ ብረት ምክንያት የሠርጓ ፈረስ ሲደናቀፍ አላይም። ጌትነትን ነገ ጠዋት ና አልኩት። ለምንይችል አልነገርኩትም።

ቅዳሜ

በደስታ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ብረቱ ሊቆረጥ ነው፣ አይስጉ ልላቸው እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። የቆርቆሮ በራቸው ከተንጋደደ ቆይቷል። መቀርቀሪያውን ከውስጥ ሲታገሉት ይሰማኛል። በስንጥቁ አየኋቸው፤ በሩን በዳሌያቸው ደገፍ አድርገው ወደ ላይ አነሡት፣ መቀርቀሪያው ወዲያው ሸርተት አለ።

"ምን ሆንሽ፣ ግቢ እንጂ" አሉኝ። የእኔ ዓይን መቀርቀሪያው ላይ ነው። የበሩ ክብደት ነው መቀርቀሪያውን የሚይዘው። የእኛንስ? ባሕር ዳር ላይ ጀልባው ባዶ ነበር። አሁን አፍንጫው ላይ የሠርግ ድንች ተቆልሎበታል፤ ያ ሁሉ ክብደት ያችን ፐርኖ ነክሶ ይዟታል። ጭራሽ ሁለት ጎረምሳም አስቀምጠንበት ነበር።

ሳልሰናበት ሮጥኩ። ጌትነት የኤሌክትሪክ ገመዱን ዘርግቶ መቁረጫውን ሊያስነሣ ነው። ቆይ አልኩት። ድንቹ ይውረድ አልኩ። ያበድኩ መሰለው።

እትዬ የሺ ምን እንደሆንኩ ሳይገባቸው እህቶቻቸውን ጠርተው ጆንያውን ያወርዱልኝ ጀመር። ሁሉም ወረደ። ፐርኖዋ ትንሽ ዞረች እንጂ አልወጣችም። ይኼኔ ዳስ ተካዮቹ ወፍራሙን ባሕር ዛፍ ከማጠፊያው ኋላ፣ ከተሳቢው ሥር ሰደዱና ጫፉን በአንድነት ተጫኑት። አፍንጫው ብድግ አለ። ሥሩ ድንጋይ ተደረገ። ጌትነት ከታች በመዶሻው አንዴ መታ አደረጋት።

ወጣች። ያን ሁሉ ቀን ያስጨነቀችኝ ሴትዮ ድምፅ እንኳ ሳታሰማ ወጣች። ብረቱን ወደ ጎን ገፋሁት፣ ታጠፈ፣ በሬ ተዘጋ። ከውስጥም ከውጭም እየከፈትኩ ዘጋሁት።

እትዬ የሺ መሬት ላይ የተደረደረውን ጆንያ አዩት። "ታዲያ የያዘው የእኔ ድንች ነው?"

"የእርስዎ ድንችና የጌትነት ጎረምሶች።"

አንዱ ጆንያ ላይ ዘፍ ብለው ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ጠጋ ብለው "ለአማቾቼ እንዳትነግሪ፣ አደራ" አሉኝ። ጌትነት የመቁረጫውን ገመድ እየጠቀለለ ማንም አልሰማም አለ። መንደሩ በሙሉ ቆሞ።

እሑድ

ፈረሶቹ አለፉ። አቧራቸው አሁንም ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። አንዱ ብቻ የጀልባውን ሰማያዊ ሸራ በአጥር ላይ አይቶ ደንበር አለ፤ ጋላቢው ያዝ አደረገው፣ አለፈ። ብርቱካን ወጥታ በራችን ጋ ስትደርስ አየችኝ። እጄን አወዛወዝኩላት። መንገዱ ባዶ፣ ሰፊ።

ሠርጉ ሞቆ ሳለ ምንይችል በባጃጅ ሞተሩን ታቅፎ ደረሰ። ሰላም ሳይለኝ ቀጥታ ወደ ጀልባው። ፐርኖዋን በአንድ እጁ መዘዛት፣ መለሳት። ዞሮ አየኝ።

"ቀላል አልነበረም?"

"ቀላል ነበር" አልኩት።

ጀልባው ውስጥ ጎንበስ አለና አንድ ራስ ሽንኩርት ይዞ ቀና አለ። እሷን እያገላበጠ ብዙ አሰበ። ነገ፣ ወደ ዘንገና ስንወርድ፣ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ። ይንሳፈፍ አይንሳፈፍ ገና አላየንም። እትዬ የሺ መጀመሪያ የምሳፈር እኔ ነኝ ብለዋል፤ ባዶ እጃቸውን እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።