ሳር ውስጥ ለተኛው ምልክት የቀረበ ምስጋና

ለክቡር ሚስተር ዴርሞት ሃንራን፣
የቢንዳሩ ወረዳ ምክር ቤት ከንቲባ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ባለፈው ወር በአዳራሹ ሲያስቸግርዎ ያየሁት ወገብዎም የተሻለው እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ። ለክቡራን የምክር ቤት አባላትም ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ከትምህርት ቤት የወጣሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት መሳቢያ ውስጥ የተነጠፈ አሮጌ ጋዜጣና ሰው ጥሎት የሄደ መጽሔት ስለሆነ፣ ቃላቴ ለማዕረግዎ ባይመጥኑ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ፖሊስ ቃል ሲቀበል እንደሚያደርገው ከቀኑ ልጀምር። ማክሰኞ ኦገስት 14፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከምዕራብ ቀዝቃዛ ነፋስ ይነፍሳል፤ ፀሐይዋ ከኋላችን ስለነበረች መንገዱ እስከ መጨረሻው ወለል ብሎ ይታይ ነበር፤ ቢያንስ የሚታይ ይመስል ነበር። በቦታው የነበሩት፦ መሪውን የያዘው ባለቤቴ ክላይቭ፤ ከጎኑ የመገናኛ ሬዲዮውን የያዝኩት እኔ፤ የኋላ ወንበር ላይ ውሻችን ቢስኩት፤ ከኋላችን የምንጎትታት፣ ባለ ጎማ ቤታችን የሆነችው ካራቫን፤ ከእሷም ኋላ ሦስት ተሳቢ ሙሉ የጥጥ ፍሬ የጫነ ከባድ መኪና፣ ሾፌሩም ሃርጂንደር ዲሎን የተባለ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው።

አንደኛ፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ተሽከርካሪ ዳር ይዞ ከኋላው ያለውን የሚያሳልፍበትን ብቸኛ ቦታ ከኤፕሪል ጀምሮ ለጥገና ስለዘጋችሁልን አመሰግናለሁ። ሦስቱ ቀይ የመንገድ መዝጊያ ኮኖች እስካሁን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም፤ በዚያ የጥገና ሥራ ላይ በሰዓታቸው ተገኝተው ያየኋቸው ሠራተኞችም እነሱ ብቻ ናቸው። በዚህ የተነሳ ከባዱ መኪና ሃያ አምስት ደቂቃ ከኋላችን ተከትሎናል። ካራቫን የሚጎትት ሰው ይህን ሐፍረት ያውቀዋል። ስፖኪዮው ከኋላህ ባለው መኪና አፍንጫ ይሞላል፤ የሰው የሥራ ሰዓት እየበላህ እንደሆነ ይሰማሃል፤ አንገትህን ትቀብራለህ። ክላይቭ ግን አንገቱን የሚቀብር ሰው አይደለም። «ይጠብቃ! መንገዱ የአባቱ ነው እንዴ?» አለ።

ሁለተኛ፣ ከእንግዳ መቀበያ ቢሯችሁ በነፃ ስለተሰጠኝ «ሬዲዮ ክፈት፣ አሳልፍ» የሚል ተለጣፊ አመሰግናለሁ። ካራቫኗ ኋላ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከፊት ያለው ካራቫን መንገዱን አይቶ ለከባድ መኪናው «ክፍት ነው» ማለቱ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ሰውን የሚያስተሳስር መልካም ልማድም ነው። እኔ ሠርግ ላይ ብገኝ መምጣቴን የሚያስታውስ የሌለኝ ሴት ነኝ። ሬዲዮው ላይ ግን ከባድ መኪና የሚያክል ነገር በእኔ ቃል ይሄዳል፣ በእኔ ቃል ይቆማል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም።

«ነጯ ካራቫን፣ ከኋላ ነኝ፣ ይሰማል?»

«ይሰማል» አልኩት።

«እንዴት አደርሽ አክስቴ? ከፊት እንዴት ነው? እኔ የማየው መጋረጃሽን ብቻ ነው። ደግሞ ያምራል።»

ሳቅሁ። ክላይቭ «ሬዲዮ የገዛነው ለመሽኮርመም ነው?» አለኝ። ሐፍረቱ ላይ ሌላ ሐፍረት ተጨመረብኝና ቶሎ ልገላገለው ፈለግሁ። መንገዱን አየሁ፤ ባዶ ነው። «ክፍት ነው፣ ና እለፍ» አልኩት።

«ተባረኪ አክስቴ» አለና ወጣ።

ሦስተኛ፣ ወደ ምልክቱ እመጣለሁ። አህያ ስርጥ የሚባለው ቦታ ላይ መንገዱ ሳይታሰብ ወደ ታች ይገባል፤ ከሩቅ ላየው ግን ይህኛውና ወዲያ ማዶ ያለው አስፋልት ገጥሞ አንድ ሜዳ ይመስላል። መሐሉ ላይ መኪና ቢኖር አይታይም። ለዚህም ሲባል ከስርጡ አራት መቶ ሜትር ቀደም ብሎ «ስርጥ አለ፣ አትቅደም» የሚል ቢጫ ምልክት ቆሞ ነበር። ምልክቱን ባለፈው ዓመት ፌብሩዋሪ ጎርፍ ጣለው። የተከበረው ምክር ቤት ከተኛበት ላለመቀስቀስ ያሳየውን ርኅራኄ ሳላደንቅ አላልፍም። አደጋው እስከደረሰበት ቀን ድረስ ሳር ውስጥ አሥራ ስምንት ወር አርፏል፤ በዚህ ወረዳ እንዲህ ያለ ፈቃድ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ባውቅ እኔም አመለክት ነበር።

እዚህ ላይ ብዕሬን ሁለት ጊዜ አስቀምጬ ሁለት ጊዜ አንስቻለሁ። ምልክቱ መውደቁን ያወቅሁት ከአደጋው በኋላ አይደለም፣ ክቡር ሆይ። ባለፈው ዓመት ጁላይ እዚያው አጠገብ ቆመን ሻይ አፍልተናል። ክላይቭ ከሳሩ ውስጥ አንድ ሰፊ ቆርቆሮ ጎትቶ አወጣና ሁለት ድንጋይ ላይ አጋደመው። «ጠረጴዛ መጣልሽ!» አለኝ። ቡታጋዙን አስቀመጥኩበት፣ ዳቦ ቆረጥኩበት፤ ፍርፋሪውን በእጄ ስጠርግ ከሥሩ «አትቅደም» የሚለውን አንብቤያለሁ። አንብቤ ሻዬን ጠጣሁ። ስልክ ነበረኝ፤ የቢሯችሁም ቁጥር ከተለጣፊው ግርጌ ተጽፏል። ለማንም አልደወልኩም። ስንሄድ ቆርቆሮውን መልሰን ሳሩ ውስጥ ጣልነው።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ከስርጡ ውስጥ የፖስታ አመላላሹ ፒክአፕ ብቅ አለ። ሃርጂንደር ፊት ለፊት ከሚጋጭ ብሎ በሚቀድምበት በኩል ወደ መንገዱ ዳር ጠጠር ወጣ፤ የመጨረሻው ተሳቢ ተገለበጠ፤ ፊተኛውን መኪናም ጎትቶ ጣለው። ፖስተኛው አንድ ስፖኪዮ ብቻ አጥቶ ተረፈ። የሃርጂንደር የዳሌ አጥንትና የቀኝ ክንዱ ተሰበረ። አምቡላንስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ጥጥ ፍሬው ላይ ተቀምጬ እጁን ይዤ ነበር። ዓይኑን ገልጦ በድምፄ አወቀኝ።

«አክስቴ፣ ክፍት ነው ብለሽኝ ነበር፣ አይደል?»

«ዝም በል፣ አትናገር፣ ትደክማለህ» አልኩት።

ለእሱ ያሰብኩ መስሎት እጄን ጠበቅ አደረገው።

አራተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ፖሊሱ ሲመጣ ክላይቭ «በራሱ ጊዜ ነው የወጣው፤ እነዚህ ሰዎች እኮ መንዳት ሳይማሩ ነው መኪናው የሚሰጣቸው» አለ። ፖሊሱ ወደ እኔ ሲዞር ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ፤ በሬዲዮ ምንም አልተናገርንም የሚለውን ወረቀትም ፈረምኩ። ሃርጂንደር «አንዲት ሴት እለፍ ብላኛለች» ብሎ ከሐኪም ቤት አልጋው ላይ ቃሉን ቢሰጥ የሚያምነው አጣ። የምክር ቤታችሁ ሪፖርትም ምክንያቱ «የአሽከርካሪው ግዴለሽነት» ነው ብሎ ጨረሰው። አሥራ አራት ገጽ ነው፤ ምልክት የሚል ቃል ስፈልግበት አምሽቼ አላገኘሁም። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ተጎጂውን አልተለየችም ተብዬ አዳራሹ ተጠርቼ፣ እርስዎ በገዛ እጅዎ «ጨዋ ተጓዥ» የሚል የምስክር ወረቀትና የወረዳው ዓርማ ያለበት የዕቃ ማድረቂያ ፎጣ ሰጡኝ። ሰው አጨበጨበ። ሐፍረት ፊት ላይ የሚታይ ነገር ቢሆን ኖሮ ፎቶው ባልታተመ ነበር።

ለፎጣው አመሰግናለሁ፤ ውሃ ባይመጥጥም ጨርቁ ጥሩ ነው። የምስክር ወረቀቱን ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። በእኔ ስም ፈንታ የማንን ስም እንደሚጽፉበት ለምክር ቤቱ ጥበብ እተወዋለሁ፤ ከእኔ የሚበልጥ ተገቢ ሰው ለማግኘት ከጽሕፈት ቤቱ መውጣት ያስፈልጋል ብዬ አላምንም።

ሐሙስ ሃርጂንደር ፍርድ ቤት ይቀርባል። በአደገኛ አነዳድ ከተፈረደበት መንጃ ፈቃዱን ያጣል፤ እስርም ሊኖርበት ይችላል። እኔ ያላየሁትን እንዳየሁ አስመስዬ የነገርኩት ሰው ነኝ፤ እናንተም እንዲታይ የቆመውን እንዳይታይ የተዋችሁ ናችሁ። ከሦስታችን ጥፋት የሌለበት አንዱ ብቻ ነው፣ ፍርድ ቤት የሚቆመውም እሱው ብቻ ነው። ክቡርነትዎ ሐሙስ ጊዜ ካገኙ አጠገቤ ወንበር እይዝልዎታለሁ።

በወረዳችሁ አስፋልት ላይ ካራቫኗን በሰዓት በሰማንያ ኪሎ ሜትር፣ እውነቱን ግን ከዚያ እጅግ በዘገየ ፍጥነት የጎተተች፣ ለክብርዎ ምንጊዜም ዝቅ ብላ እጅ የምትነሳ፣

ግሌኒስ ትራንተር
ቢንዳሩ የከብት ትርዒት ሜዳ፣ የካራቫን ማቆሚያ ቁጥር 9
እሑድ ሴፕቴምበር 23

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የምጨምረው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ነው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ። ፖሊሱ አዲሱን ቃሌን ጽፎ ሲጨርስ «ሚስስ ትራንተር፣ ጣጣው ወደ እርስዎ ሊዞር እንደሚችል ያውቃሉ?» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ባለቤትዎስ?» ሲለኝ «እሱ መኪና ውስጥ አኩርፏል» አልኩና ፈረምኩ። ከዚያ ካራቫኗን እየጎተትን ወደ አህያ ስርጥ ሄድን። ምልክቱን ከሳሩ አወጣሁት፣ በዕቃ ማድረቂያ ፎጣችሁ ወለወልኩት፣ በድንኳናችን ገመድና ካስማ አቆምኩት። ክላይቭ ከመስኮት ሲያየኝ ቆየና ወርዶ መዶሻውን ከእጄ ወስዶ ካስማውን መታ። የወረዳውን ንብረት ያለ ፈቃድ አንቀሳቅሼ ከሆነ መጥታችሁ አስተኙት፤ በተለመደው ፍጥነታችሁ ከሆነ አሥራ ስምንት ወር ሰላም አለን።

ለመዞር ስርጡን አልፈን ጥቂት ሄደን ስንመለስ አንድ ከባድ መኪና ከኋላችን ደረሰ። «ነጯ ካራቫን፣ ክፍት ነው?» አለ። መንገዱ ባዶ ነበር። ክላይቭ አየኝ። መነጋገሪያውን አንስቼ «አይታየኝም፤ ስርጥ አለ፤ ጠብቅ» አልኩት። ጠበቀ።